በሁዳዴ ቁርስ

አርባ አንድ ዓመት የሰው ካርድ ሳወጣና ስመልስ ኖሬ የራሴን ካርድ ያወጣሁት ሌላ ከተማ ሄጄ ነው።

የምሠራው ቡታጅራ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበር። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚያች መስኮት አልተነሣሁም። ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰው የከተማውን ገመና ያውቃል። ማን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ማን ለስኳር እንደሚመላለስ፣ ማን በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለችው የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንደሚገባ አውቅ ነበር። አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። ሆኖም እኔ የሰውን እንዳወቅሁ ሌላውም የእኔን ያውቃል። ከእኔ በኋላ መስኮቷ ላይ የተቀመጠችው ሴት ሥራውን የለመደችው ከእኔ ነው። ስሜን አይታ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ስትልከኝ፣ ከዚያም አንገቷን ስትደፋ ገና ሳልሄድ ታየኝ። ስለዚህ ወልቂጤ ሄድኩ።

ወልቂጤ ልጄ አለች። አስተማሪ ናት፤ ያገባችውም እዚያው ነው። "ጨጓራዬ አስቸግሮኛል፤ እናንተ ጋ ጥሩ ሐኪም አለ አሉኝ" ብዬ ሄጄ ሁለት ቀን ሰነበትኩ። ሰው በማያፍርበት በሽታ መዋሸት ቀላል ነው። ጨጓራ የሌለበት ማን አለ?

ጨጓራ ግን አልነበረም። ባለቤቴ ከሞተ አምስት ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ አልቅሻለሁ፣ አርባውን አውጥቻለሁ፣ ወደ ሥራዬም ተመልሻለሁ። ይኼኛው የመጣው ምንም ባልሆነበት ሰሞን ነው። ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ነጠላዬን ከምስማሩ ላይ ላወርድ እጄን ስዘረጋ እጄ ከበደኝ። በዚያው ጀመረ። እየቆየ ምግቡ ጭድ ጭድ አለኝ። ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያናግረኝ ድምፁ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አስቀድሼ ስወጣ ከተነበበው አንድ ቃል አላስታውስም። ምክንያት ቢኖረው ይህን ያህል ባላፈርኩ ነበር። ልጅ የቀበሩ ሰዎች ተነሥተው ገበያ ሲውሉ እኔ ምን ሆንኩ ብዬ ነው የምተኛው?

ወልቂጤ ያየችኝ ሐኪም ረጋ ብላ ጠይቃ ረጋ ብላ ሰማችኝ። "እናቴ፣ ይኼ የድብርት ሕመም ነው፤ ይታከማል" አለችኝ። ቃሉ አዲስ አልሆነብኝም፤ ስንት ሰው ካርድ ላይ አንብቤዋለሁ። በወረቀት ጻፈችልኝ፦ በቀን አንድ ፍሬ፣ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ። "በባዶ ሆድ ያቅለሸልሽዎታል። ወደ ማታ ከወሰዱት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዎታል። ሳይነግሩኝ እንዳያቋርጡ" ብላ ስልኳን ከወረቀቱ ጀርባ ጻፈች።

ፍልሰታ ሲፈታ ጀምሬ፣ ረቡዕና ዓርብንም ለራሴ ፈቅጄ እየበላሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ አላጓደልኩም። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ሽንኩርት ስጠብስ ሸተተኝ። ሽታ ጠፍቶብኝ እንደነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ድስቱ አጠገብ ቆሜ ትንሽ አሸተትኩ።

ከዚያ የገና ጾም ገባ።

እኔ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። እናቴም እንደዚያው ነበረች፤ በሥራ ዘመኔም ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሲወጡ እኔ መስኮቴ ላይ እቀር ነበር። ወረቀቱ ግን ከቁርስ በኋላ ይላል። መጀመሪያ መድኃኒቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋሁት፤ እንቅልፌ ሄደ። ቀጥሎ በጠዋት በባዶ ሆድ ሞከርኩት፤ ቅዳሴ ላይ አጥወልውሎኝ ግድግዳ ይዤ ወጣሁ። ሐኪሟን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ደህና ሆኛለሁ፣ ጾሙ ሲፈታ እቀጥላለሁ ብዬ ብልቃጡን ቁም ሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር አስቀመጥኩት።

ጾሙ ሲፈታ ግን የምትቀጥለዋ ሴት አልነበረችም።

በጥር መጨረሻ ልጄ ወለደች። የመጀመሪያዋ ናት። በእኛ ዘንድ ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናት ቅቤና ቆጮዋን ይዛ ሄዳ አራስ ቤት ትገባለች፤ ይህን የሚያስቀር ነገር ብዙ አይደለም። ቅቤው ከታኅሣሥ ጀምሮ ተነጥሮ ተቀምጧል። እኔ ግን ከአልጋዬ እስከ በሩ ያለው ርቀት ብቻ ቀኑን ሙሉ ይፈጅብኛል።

"እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?" አለችኝ በስልክ።

"ጨጓራዬ ተነሥቶብኝ ነው እንጂ…"

"ጨጓራ ነው የሚያስቀርሽ?"

ከኋላዋ ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኛል። የባሏ እናት ገብተው አራሷት። ልጄ በየቀኑ መደወሏን ተወች፤ ቀጥሎ በየሳምንቱም ተወች። አንድ ቀን ብቻ አጭር መልእክት ላከች፦ "ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው እሑድ። መምጣት ከቻልሽ።" የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አነበብኳት። ከዚህም ከቀረሁ ልጄ ዳግመኛ እንደማትጠራኝ ገባኝ። ተቆጥታ አይደለም፤ እናቷ እንደማትመጣ ተምራ ነው የምትተወው።

በዚህ መካከል ሁዳዴ ገባ። በዚያው ሳምንት ረመዳንም ገባ። ሰፈሬ ክርስቲያኑም እስላሙም የተቀላቀለበት ስለሆነ ቀን ላይ ማንም እሳት አያነድም፤ ጭር ይላል።

የነፍስ አባቴ ጾም በገባ ቁጥር ጠበል ይዘው በየንስሐ ልጆቻቸው ቤት ይዞራሉ። የቀድሞው የነፍስ አባቴ አርፈው እኚህን ከያዝኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በዕድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጣቸዋለሁ። ለወትሮው "እርስዎ" ይሉኛል፤ መስቀል ሲያሳልሙኝ ግን "ልጄ" ናቸው የሚሉኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሳቄን እውጥ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። ሚስትና አራት ልጆች አሏቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እንሰት ይተክላሉ፤ እጃቸው የገበሬ እጅ ነው።

በሩን ሲያንኳኩ አልጋዬ ውስጥ ነበርኩ። አልተነሣሁም። ትንፋሼን እንኳ ቀነስኩ። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የጎረቤቴ ድምፅ መጣ። ጎረቤቴ ገበያ በርበሬ የምትነግድ እስላም ሴት ናት፤ ቤታችን በአንድ አጥር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል።

"አባ፣ አለች። ጫማዋ በሩ ላይ ነው።"

"ተኝተው ይሆናል።"

"ሰው ሦስት ቀን ይተኛል? ወላሂ ዶሮዎቿን የማበላው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ በርጩማ አውሺኝ።"

ደጄ ላይ ተቀመጡ። አላንኳኩም፣ አልተጣሩም። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በሚሰማ ድምፅ ደገሙ። ሲጨርሱ "ነገም በዚሁ ሰዓት ነኝ" ብለው፣ ለእኔ ይሁን ለጎረቤቴ ሳይለይ፣ ሄዱ። በማግሥቱ መጡ። ደገሙ። ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን የሠርክ ጉባኤ ስለነበረባቸው እኩለ ቀን ላይ መጡ። የየካቲት ፀሐይ ነው፤ ደጄ ላይ ጥላ የለም። ጎረቤቴ አላስችል አላት።

"አንቺ ሴትዮ! ቄሱ በርሽ ላይ ሊቀልጡ ነው! በሩን ባትከፍቺ ጥላ አቀብያቸው!"

በሕይወቴ እንግዳ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። የተነሣሁት ከእምነት አይደለም፣ ከኀፍረት ነው። ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ ጃንጥላ ይዤ በሩን ከፈትኩ።

"ይግቡ፣ አባ።"

ገብተው ተቀመጡ። ቤቱ የተዘጋ ቤት ሽታ ነበረው፤ እንዳላዩ እንዳልሸተታቸው ሆኑ።

"መጸለይ አልችልም" አልኳቸው። ሰላምታ እንኳን አልሰጠሁም።

"አውቃለሁ። ስለዚህ ሦስት ቀን የእርስዎን ድርሻ እኔ አደረስኩ። የእኔን ጠዋት እጨርሳለሁ።"

"ኃጢአት ነው፣ አባ። ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ቀኖና ይስጡኝ። ስግደት ይስጡኝ።"

"ስንት?"

"የፈለጉትን ያህል።"

"ዛሬ ከአልጋ ለመነሣት ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?"

"ከነጋ ጀምሮ።"

"እሱን ከስግደት ቆጥሬዋለሁ" አሉ።

ከዚያ ነገርኳቸው። ብዙ አልተናገርኩም፤ ግን ሁሉንም ተናገርኩ። የወልቂጤውን ካርድ፣ ጨጓራ ብዬ ለልጄ የዋሸሁትን፣ የገና ጾምን፣ አራስ ቤት አለመሄዴን። ብልቃጡን ከልብሱ ሥር አውጥቼ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እንደ ምንባብ ቀስ ብለው አነበቡት። "ከቁርስ በኋላ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበት።

"የሰጠችዎ ሐኪም ይተዉት አለችዎ?"

"አላለችም።"

"እኔስ ይተዉት ብያለሁ?"

"አልጠየቅሁዎትም።"

"እኔን ሳይጠይቁ በጾም ስም የወሰኑት ግን እርስዎ ነዎት።" ቁጣ አልነበረበትም። ወረቀቱን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "እናቴ እንደ እርስዎ ነበረች። ቸሃ ነው ያደግነው። ሌሎቹ እናቶች ለእንሰት ፍቀት ተጠራርተው ሲሄዱ እሷ ግድግዳ ዞራ ትተኛለች። ሰነፍ ናት ይሏታል። እኛም ልጆቿ ሰነፍ ነው የምንላት። ጠበልም ወሰድናት፣ ጸሎትም አስደረግንላት፤ ሐኪም ዘንድ ግን የወሰዳት የለም፤ በሽታ መሆኑን ማን አውቆ? ከሞተች በኋላ ነው የገባኝ። ይቅርታ የምጠይቃት በቅዳሴ ነው፤ ሌላ ቦታ አላገኛትም።"

ውኃ ቀዳሁላቸው፤ ጾመኛ መሆናቸው ትዝ ሲለኝ መልሼ አነሣሁት። ፈገግ አሉ።

ከዚያ ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡና "ልጄ" አሉኝ። "ቀኖና ጠይቀሽኛል። እሰጥሻለሁ። መጀመሪያ ለሐኪሟ ደውለሽ እንዴት እንደምትቀጥዪ ጠይቂ። ከዚያ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁርስ ትበያለሽ፣ መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ።"

"በሁዳዴ?"

"በሁዳዴ።"

"አባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ሁዳዴ…"

"ከሥጋና ከወተት አልፈታሁሽም፤ ከሰዓቱ ነው የፈታሁሽ። ስግደት ቢሆን ደስ ብሎሽ ትሰግጂ ነበር። ይኼ ይከብድሻል። ቀኖና የሚከብድ ነው።" መስቀሉን አሳለሙኝ። "ደግሞ ብቻሽን አትያዢው። አንድ ሰው ይወቅልሽ።"

ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። አልተቆጣችም። ከመጀመሪያው መጠን ጀምሬ ቀስ በቀስ ከፍ እንዳደርግ ነገረችኝና በወሩ ልትደውልልኝ ቀጠሮ ያዘች።

አንድ ሰው ይወቅ ላሉት ደግሞ ማን አለኝ? በአጥሩ በኩል ጎረቤቴን ጠራኋትና ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

"ድብርት?"

"ድብርት።"

"አንቺ ክፉ! እኔ እኮ ተቀይመሽኝ መስሎኝ ዓመት ሙሉ ስብሰለሰል ነበር! ያን ቀን ዶሮሽን በድንጋይ ስላልኩት ነው ብዬ…"

"ዶሮዬን በድንጋይ ብለሽዋል?"

"በይ እንግዲህ፣ ተናገርኩ!"

ሳቅኩ ማለት አልችልም። ግን በአፍንጫዬ የሆነ ነገር ወጣ። እሷም ሰማችው፤ ፊቷ በራ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የአጥሩን ቆርቆሮ በዘነዘና ትመታዋለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚነቃበት ምት ነው።

"በላሽ?"

"በላሁ።"

"ፍሬዋንስ?"

"ወሰድኩ።"

"አልሃምዱሊላህ።"

እሷ ጾመኛ ናት። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ቤትም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውም፣ ሁሉም ጾመኛ ነው። በዚያ ሰፈር በዚያ ሰዓት የምበላ እኔ ብቻ ነበርኩ። የቡላ ገንፎ በዘይት እሠራለሁ፤ ሽታው እንዳይወጣ በሩንም መስኮቱንም እዘጋለሁ። ቤቱ በጭስ ይሞላል፤ ዓይኔ እያለቀሰ እንደ ሌባ እበላለሁ።

"መስኮትሽን ክፈቺ እንጂ፣ ልትታፈኚ ነው!" ትላለች ጎረቤቴ።

"ይሸታችኋል።"

"ይሽተተና! ጾም በምግብ ሽታ የሚፈርስ ቢሆን ገበያውን ሁሉ በዘጋነው። ለእኛም ለታመመ ሰው ተፈቅዷል፤ አላህ ከአንቺ የበለጠ ያውቃል።"

መስኮቱን አልከፈትኩም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ምንም አልተለወጠም። ሐኪሟ ጊዜ እንደሚፈልግ ነግራኛለች፤ ቢሆንም መጠበቅ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ከባድ ነው። እየዋለ ያ ገንፎ ጉሮሮዬ ላይ የሚቆመው በሕመሙ ሳይሆን በኀፍረቱ ሆነ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሥር ዓመት ያልሞላቸው ልጆች እየጾሙ እኔ ማንኪያ ይዤ እቀመጣለሁ። አንድ ጠዋት ገንፎውን ሠርቼ ወስጄ ለዶሮዎቹ ሰጠሁት፤ ፍሬዋም ብልቃጧ ውስጥ ቀረች። ቆርቆሮው ተመታ።

"በላሽ?"

"በላሁ።"

"ፍሬዋንስ?"

"ወሰድኩ።"

በማግሥቱም ለዶሮዎቹ ሰጠሁት። በሦስተኛውም ቀን።

በሦስተኛው ቀን ሰፈራችን ውስጥ ልቅሶ ነበር። ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ "ተነሽ፣ አብረን እንደርሳለን" ብላ ወሰደችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። የነፍስ አባቴ ከፊት ነበሩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጸሎት ተደረገና እጅ ማስታጠቢያው ዞረ፤ ሽሮና ጎመን በሰሐን ቀረበ። እሳቸው ዘንድ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

"እኔ ገና ነኝ።"

"ምን ገና አለ፣ አባ?" አለቻቸው የምታስተናግደዋ ሴት። "ዘጠኝ ሰዓት እኮ ሞልቷል። መነኮሱ እንዴ? ባለቤትዎ ሰምታለች?"

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ ሰሐኑን እየተቀበሉ፣ "ተያቸው፣ ዘንድሮ እስከ አሥራ ሁለት ነው። ሁለት ሳምንት ሆናቸው፤ ምክንያቱን ብንጠይቃቸው አይናገሩም" አሉ።

ወደ እኔ አላዩም። ጨርሶ አላዩም። እኔ ግን ገባኝ። ድሮ የነፍስ አባት የንስሐ ልጁ ቀኖና ሲከብደው ከሸክሙ ከፍሎ ይይዝለታል ሲባል እናቴ ስታወራ ሰምቻለሁ። ከእኔ ላይ የፈቱትን ሰዓት በራሳቸው ላይ ጨምረውታል። ቀኑን ሙሉ ቆመው፣ ቀድሰው፣ ቀብረው፣ እንሰታቸውን ኮትኩተው፣ ሦስት ሰዓት የሚቆዩት እኔ ጠዋት በሰላም እንድበላ ነው። እኔ ደግሞ ያን ቁርስ ለዶሮ ሰጥቼዋለሁ።

ሰሐኑ እኔ ዘንድ ደረሰ። በላሁ። ቤቴ ገብቼ የጠዋቱን ድስት አጠብኩ፤ ታጥቦም ነበር፣ ደግሜ አጠብኩት።

በማግሥቱ ገንፎውን እስከ መጨረሻው በላሁ፣ መድኃኒቴን ወሰድኩ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስለ ዶሮዎቹ ነገርኳቸው። መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ሰሙኝ።

"ሦስት ቀን?"

"ሦስት ቀን።"

"ዶሮዎቹ ወፍረዋል?"

"አባ፣ አይቀልዱብኝ። ያን ሰዓት ይተዉት። ስለ እኔ አይጹሙ።"

"የትኛውን ሰዓት?" አሉ። ከዚያ ጠበቅ አድርገው መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። "አንቺ ብዪ። የቀረው የአንቺ ሥራ አይደለም፣ ልጄ።"

ሰማይ ተከፈተ፣ ብርሃን ታየኝ አልልም። ረመዳን አልፎ ዒድ ሆነ፤ ጎረቤቴ ለእኔ ብላ ለብቻ የጾም ሳምቡሳ በምስር ጠብሳ አመጣችልኝ፤ በላሁና ጨው እንደበዛበት አወቅሁ። ጨው በዝቶበታል ስላት "አሁን ድነሻል!" ብላ ጮኸች። አልዳንኩም ነበር፤ ግን ጨው ታውቆኛል። በሕማማቱ ሳምንት አንድ ቀን ከጸሎቱ መሐል አንዲት ቃል ሰማሁ፤ ቤቴ እስክደርስ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ በቀጠሮዋ ደወለችልኝ። ፋሲካ ዋለ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛው ዓርብ ቅቤዬንና ቆጮዬን ይዤ ተሳፈርኩ። ጎረቤቴ እስከ መናኸሪያ ሸኝታኝ፣ ለረዳቱ ሦስት ጊዜ አደራ ብላ፣ አራተኛ ልትል ስትል መኪናው ተነሣ። ሚኒባሱ አቀበቱን ሲወጣ ዝናብ ያዘን፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰቱ ታጥቦ ቆሟል። አገና የምትባለው ከተማ ላይ መኪና ይቀየራል። ወርጄ ዕቃዬን እግሬ ሥር አድርጌ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆምኩ። እዚያ እጄ እንደገና ከበደኝ። ልጄ በሩን ስትከፍት የማየው ፊት ታየኝ። ከፊቴ የቆመው መኪና ወደ ቡታጅራ የሚመለስ ነበር።

"ቡታጅራ! ቡታጅራ! አንድ ሰው! ማዘር፣ ይግቡ፣ ጋቢና ነው!"

ጋቢናው ባዶ ነበር። ዕቃዬን አነሣሁ። አንድ እርምጃ ሄጃለሁ። ሰዓቴን ሳይ ስድስት ተኩል ይላል። እኔ ጠዋት በልቻለሁ። ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ነው፤ ማንም አይጾምም፣ እሳቸውም አይጾሙም። ግን ያ ሁሉ ሰዓት የተጾመው እኔ አገና ላይ ቆሜ ወደ ኋላ እንድመለስ አልነበረም።

"ወልቂጤ ነኝ" አልኩት።

ልጄ በሩን ከፈተች። ሕፃኗ ትከሻዋ ላይ ነበረች። "መጣሽ" አለች። ተሳሳምን። የባሏ እናት ተነሥተው ተቀበሉኝ። ልጄ ዕቃዬን እየተቀበለች፣ ሌላ ሰው እንደምታናግር አድርጋ፣ "ጨጓራሽ ተሻለሽ?" አለችኝ።

ማእድ ቤት እስክትገባ ጠብቄ ተከተልኳት። ቅቤውን ወደ ማሰሮ እየገለበጠች ነበር።

"ጨጓራ አይደለም" አልኳት። "ጨጓራ ሆኖም አያውቅም።"

ዞር አላለችም። ነገርኳት። እንደ ካርድ ላይ ጽሑፍ አሳጥሬ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንደሚባል፣ ምን እንደምወስድ፣ መቼ እንዳቋረጥኩ፣ የነፍስ አባቴ ምን ቀኖና እንደሰጡኝ፣ ለምን አራስ ቤት እንዳልመጣሁ ነገርኳት። ስጨርስ ማንኪያውን አስቀመጠች።

"እዚህ ከተማ ታከምሽ፣ እኔ ቤት አደርሽ፣ አልነገርሽኝም።"

"አልነገርኩሽም።"

"ሴት ስለወለድኩ የቀረሽ መስሎኝ ነበር" አለች።

"ሞኝ" አልኳት። ከዚህ የተሻለ ቃል በአፌ አልመጣም። እጇ ቅቤ ነበር፤ ያዝኩት።

እሑድ ጠዋት ቤቱ ማልዶ ተነሣ። ልጄና ባሏ ስለሚቆርቡ ከዋዜማው ጀምሮ አፋቸው ምግብ አልነካም፤ አማቷም ጾመው ነው የሚያስቀድሱት። ነጭ በነጭ ሆነው ይተራመሳሉ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ጠዋት እንዴት እንደሚሆን ሳስብ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ተደብቄ ልበላ አስቤ ዳቦ በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

ልጄ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦ በሰሐን ሻይ በብርጭቆ አድርጋ መጣችና በሁሉም ፊት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አንዷን ፍሬ ከሰሐኑ ጠርዝ ላይ አድርጋታለች።

አማቷ ደነገጡ። "ኧረ ልጄ፣ ዛሬ እኮ…"

"ቀኖናዋ ነው" አለች ልጄ። "ብዪ፣ እማዬ። አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።"

ተቀመጥኩ። ሁሉም ቆመው እየጠበቁ እኔ በላሁ። ሻዩ ትኩስ ነበር፤ አልቸኮልኩም። ጎርሼ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ማን እንደሆነች ሳላይ አውቃለሁ፤ አጥሩ ርቆባት ነው።

"በላሽ?"

"እየበላሁ ነው።"

"ፍሬዋንስ?"

"እሷንም።"

"አልሃምዱሊላህ። ሕፃኗን ሳሚልኝ። ዶሮዎችሽ ደህና ናቸው።"

ሰሐኑን ላነሣ ስል ልጄ ቀደመችኝ። በምትኩ ሕፃኗን በነጭ ጋቢ እንደተጠቀለለች እጄ ላይ አስቀመጠቻት። ለሰማንያ ቀን ልጅ ከበድ ትላለች፤ አማቷ ጥሩ አድርገው ነው ያሳደጓት። ይህንኑ ነገርኳቸው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ማንም "አምጪያት፣ ደከመሽ" አላለኝም፤ እኔም አልሰጠሁም።